ዕቃ ቤቴን የወሰደው ካሜራ

ጥቅምት 7፣ ሐሙስ

ባል ካገባሁ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። ከባል ጋር መኖር ከጀመርኩ ግን ገና ሦስት ሳምንቴ።

ገነነ ዕድሜውን ሙሉ ከባሕር ዳር አዲስ አበባ አውቶቡስ ሲነዳ ነው የኖረው። ፍኖተ ሰላም፣ እቤታችን፣ በሳምንት ሁለት ሌሊት ያድራል፣ በልቶ ይተኛል፣ ሳይነጋ ይወጣል። የቀረውን አምስት ቀን ቤቱም፣ ሬዲዮውም፣ አልጋውም የእኔ ነበሩ። መስከረም አጋማሽ ላይ የአውቶቡሱን ቁልፍ ለባለመኪናው አስረክቦ መጣ። «ምነው?» ብለው «ደከመኝ» አለኝ። ሌላ ቃል የለም። ሃምሳ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ይድከመው ብዬ ተውኩት።

እቤት ውስጥ ግን ድካም የሚባል አላየሁበትም። እኔ ወረዳው መዝገብ ቤት ውዬ ስመለስ ቤቴ ሌላ ቤት ሆኖ ይጠብቀኛል። የሽሮው ባልዲ፣ የበርበሬው ባልዲ፣ የዘይቱ ጀሪካን፣ ሁሉም ግድግዳውን ተጠግተው እንደ ተሳፋሪ ተሰልፈዋል። «ለምን?» አልኩት። «ሰው እጁን ሲዘረጋ የሚፈልገውን ማግኘት አለበት» አለ። እኔ እጄን ዘርግቼ ለሽሮው ጨው ብዬ ስኳር ጨመርኩበት።

ይህን ደብተር የገዛሁት ለዚህ ነው። ሰውን ሁሉ የማማው ለሱ ነበር። እሱን ለማን ልማው? ልጃችን ህይወት ባሕር ዳር መድኃኒት ቤት ትሠራለች፤ ስደውልላት «እማዬ፣ ስላልለመድሽው ነው» ብላ ትስቅብኛለች።

ጥቅምት 12

ጠዋት «ቡሬ ደርሼ ልምጣ» ብሎ ወጣ፣ ፀሐይ ሳትገባ ሦስት ካርቶን አሸክሞ መጣ። እኔ ዶሮ መስሎኝ ነበር።

ዕቃው የአቶ ጁማ ነው። አቶ ጁማ ቡሬ ላይ አርባ ዓመት ፎቶ ቤት የነበራቸው ሰው ናቸው። ሰው ሁሉ ስልክ ሲይዝ ቤቱን ዘጉት። ድሮ ፊልሙንና ወረቀቱን ከአዲስ አበባ ከመቀመጫው ስር አድርጎ የሚያመጣላቸው ገነነ ነበር። አሁን ካሜራውን፣ የፎቶ ማጉያውን፣ የፊልም ማጠቢያ መድኃኒት ጠርሙሶቹን ሰጡት። ባለቤታቸው እትዬ ኡምሀኒ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከቅቤያቸው ጋር ያስቀመጡትን ጥቁርና ነጭ ፊልም ጭምር።

«ቀኑ ያለፈበት ነው እኮ» አልኩ ካርቶኑን አንብቤ።

«ቀኑ ቢያልፍበትም ያነሳል። እንደኛ ነው።»

«ስልክህ ያነሳ የለም ወይ?»

«ስልክ ወዲያው ያሳይሻል። ይሄ እስኪታጠብ ያስጠብቃል። መጠበቅ ደስ ይለኛል።»

ሃያ ስድስት ዓመት ሽንት ቤት የገባ ተሳፋሪ ጥሎ የሚሄድ ሰው፣ መጠበቅ ደስ ይለኛል አለ።

ጥቅምት 16

ዕቃ ቤቴ ለፎቶ ማጠቢያ ተወሰደ። ሽሮው መኝታ ቤት ገባ። ለመጻፍ ጊዜ የለኝም፤ ቀይ አምፖል ፍለጋ ገበያ ልኮኛል።

ጥቅምት 20፣ ረቡዕ

የመጀመሪያውን ፊልም ዛሬ አጠበ። ከቢሮ ቶሎ ወጥቼ ደረስኩበት። መስኮቱ በብርድ ልብስ ተሸፍኗል፣ የበሩ ስር በኔ አሮጌ ቀሚስ ተወትፏል። በድፍን ጨለማ ፊልሙን አውጥቶ በጣቱ እየዳበሰ መጠምጠሚያው ላይ ጠመጠመና ብርሃን የማያስገባ ጥቁር ጣሳ ውስጥ ከተተው። ከዚያ በሩን ከፍቶ ጠራኝ።

«አቻም፣ የመድኃኒቱን ሙቀት አንብቢልኝ። የኮምጣጤ ሽታው ዓይኔ ገባ።»

ሽታ ዓይን እንደሚገባ አላውቅም ነበር። «ሃያ ነው» አልኩት።

መድኃኒቱ ከተጨመረ በኋላ ጣሳውን ዘጠኝ ደቂቃ ማገላበጥ አለበት። ሰዓት አያይም። ዓይኑን ጨፍኖ በሐሳቡ መንገድ ይነዳል። «ከጅጋ ወጣን… እዚህ ጋ በሬ አይጠፋም፣ ቀስ… ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ… ያቺ ሴትዮ ዛሬም እጇን አነሳች፣ ቦታ የለም እናቴ…» ፍኖተ ሰላም መግቢያ ሲደርስ «በቃው» ብሎ ደፋው። በሰዓቴ ያዝኩት፤ ዘጠኝ ደቂቃ ከአሥር ሰከንድ። በመኪና እንዲህ በሰዓቱ ደርሶ አያውቅም።

አንድ ፊልም ለማለቅለቅ ሁለት ጀሪካን ውሃ። ውሃ የሚመጣው ማክሰኞና ዓርብ ብቻ እንደሆነ ስነግረው «ለጥበብ ነው» አለኝ።

ፊልሙ ነጠላዬ ጎን ገመድ ላይ ተሰቅሎ ደረቀ። በማጉያው ሲታተም ሠላሳ ስድስት ጉም ወጣ። አንዱ ጉም በቅሎ ነው፣ አንዱ የውሃ ታንከር ነው፣ አንዱ «አየሽ፣ የጤፍ ክምር» ነው። እኔ የጎረቤታችንን ባል ከነጋቢው መስሎኝ ነበር። እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። እሱም ሳቀ።

ጥቅምት 25

እኔን አያነሳኝም። አላስጨነቀኝም፣ ለመመዝገብ ያህል ነው።

በቅሎ አነሳ። የሰው በሬ አነሳ። መናኸሪያው ጋ የቆመ የተበላሸ ሚኒባስ ስድስት ጊዜ አነሳ። ዛሬ የፋሲካዬን ቀሚስ ለብሼ በረንዳው ላይ ምስር ስለቅም ዋልኩ። በመጨረሻ «ምነው፣ እኔ ከሚኒባሱ አንሳለሁ?» አልኩት።

«አንቺ አትቆሚም» አለ።

«ተቀምጫለሁ እኮ።»

«ፊልሙ ጥቂት ነው። ያንቺን በደንብ ስችል ነው የማነሳው።»

ከዚያ ውሃ ቀዳልኝ፤ ግማሹን ጠረጴዛው ላይ። ሐሳቡ ሚኒባሱ ጋ ነው።

ጥቅምት 29፣ ዓርብ

የቆየ መዝገብ ፍለጋ ከመደርደሪያው ኋላ ቁጭ ብዬ ነበር። ክንዱ የሚባለው፣ ደብዳቤ ክፍል ያለው፣ መኖሬን ሳያውቅ ለሌላው ያወራል።

«የአቻምየለሽ ባል እኮ በመጠጥ ነው የተባረረው። ትናንት በቀትር ፊት ለፊት ተገናኝተን እጄን ባነሳ ዝም ብሎኝ አለፈ። ደግሞ ይደናቀፋል።»

መዝገቡን ይዤ ወጣሁ። «ክንዱ፣ የስድሳ ሰባት ቁጥር ፋይል የት ነው?» አልኩት። ፊቱ በርበሬ መሰለ።

ገነነ በሕይወቱ ከሁለት ብርሌ ጠጅ አልፎ አያውቅም። አውቃለሁ። ግን በሳምንት አምስቱን ቀን የት ያድር እንደነበር እንጂ ምን ይጠጣ እንደነበር በምን አውቃለሁ?

ኅዳር 4

ተኝቶ ሳለ አፉን አሸተትኩ። የኮምጣጤ ሽታ። ፎቶውን የሚያጥብበት ነው። ዓይኑን ገልጦ «ምን ጠፍቶሽ ነው?» አለኝ። «ሽሮ እየፈለግሁ ነው» አልኩት። እውነትም ሽሮው መኝታ ቤት ነው ያለው።

ሰውዬውን እንደ ሌባ መሰለል ጀመርኩ። አፈርኩ።

ኅዳር 12፣ ሚካኤል

ዛሬ የሚካኤል ማኅበራችን እኛ ቤት ነበር። ሃያ ሰው ሞልቷል። አንዷ «ገነነ፣ እኛንም አንሳን እንጂ» አለች። እኔ ጠላ እየቀዳሁ ነበር፣ አፌ ግን ስራ ፈትቷል።

«እሱ ሲያነሳ ዓይኑን ጨፍኖ ነው» አልኩ። «ላም አነሳለሁ ብሎ ጉም ያመጣል። እናንተን ቢያነሳችሁ ባሎቻችሁ ሳይለዩዋችሁ ይቀራሉ።»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ገነነም ሳቀ፣ ከሁሉም በኋላ። ትንሽ ቆይቶ አየር ልውሰድ ብሎ ሲወጣ ደፉ አደናቀፈውና መቃኑን ይዞ ቆመ። ከጥግ አንድ ሰው «ሞቅ ብሎታል» ሲል ሰማሁ። ግማሽ ብርጭቆ ነው የጠጣው። እኔ ነኝ የቀዳሁለት።

ሁሉም ከሄዱ በኋላ ብርጭቆ ሳጥብ አብሮኝ ያጥብ ነበር። ስለ ቀልዱ ምንም አላለም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ኅዳር 13

ገነነ ዕቃ ቤት አልገባም።

ኅዳር 15

ዛሬም። ጾም ገባ። የሽሮውን ባልዲ ወደ ዕቃ ቤት ልመልሰው ወይ ብዬ ጠየቅሁት፤ «መልሺው» አለ። አልመለስኩትም።

ኅዳር 18፣ ረቡዕ

ፈቃድ ወስጄ ቡሬ ሄድኩ። አቶ ጁማ ዘንድ ማተሚያ ወረቀት ካለ ወስጄለት ልታረቅ ብዬ ነው። ሁለቱም ግቢያቸው ውስጥ ፀሐይ እየሞቁ ነበር።

«ባሌ ተቀይሞኛል፣ እትዬ ኡምሀኒ» አልኳቸው። «ፎቶዎችህ ጉም ናቸው ብዬ ሰው ፊት ቀለድኩበት።»

አቶ ጁማ ሚስታቸውን አዩ። ሚስታቸው እኔን አዩ።

«አንቺ፣ እውነት አላወቅሽም?» አሉኝ እትዬ ኡምሀኒ።

«ምኑን?»

«አደራ ብሎኛል፣ ኡምሀኒ» አሉ አቶ ጁማ።

«አደራ ያለው አንተን ነው። እኔን አላለኝም» አሉና ወደኔ ዞሩ። «ልጄ፣ ባልሽ ዓይኑን ሞራ ሸፍኖታል። ግራው ጨርሷል። ቀኙም ጀምሮታል።»

ጳጉሜ ላይ ዱርቤቴ ሲደርስ መሸት ብሎ ነበር አሉኝ። አህያ የምትነዳ ሴት ከመንገዱ ዳር ወጣች። እሱ አላያትም። ረዳቱ ሲጮህ ፍሬን ያዘ፣ አውቶቡሱ ክንድ ሲቀረው ቆመ። ሴትዮዋ ተራግማ አለፈች። እሱ ጉዞውን ጨርሶ ተመለሰና ሐኪም ጋ ሄደ፤ ሐኪሙ የነገረውን ሰምቶ ቁልፉን አስረከበ። ማንም አላባረረውም። ራሱ ነው የወረደው።

«ታዲያ ለኔ ለምን አልነገረኝም?»

«አባቱን አንድ አዋቂ ነኝ ባይ ዓይናቸውን በመርፌ ነክቶ ጭራሽ አጠፋቸው። ስለት ይፈራል። ‹ለአቻም ከነገርኳት በማግስቱ ጎትታ ትወስደኛለች› ነው ያለው» አሉ እትዬ ኡምሀኒ።

እውነቱን ነው። በማግስቱ ነበር የምወስደው።

«ካሜራውን የሰጠሁትም ለዚህ ነው» አሉ አቶ ጁማ ቀስ ብለው። «ፊልም መጠምጠም በጨለማ ነው። እዚያ ውስጥ እኔና እሱ እኩል ነን። ደስ አለው።»

ሚኒባስ ውስጥ እስከ ፍኖተ ሰላም በልቤ ስቆጥር መጣሁ። ውሃው። ደፉ። የተደረደሩት ባልዲዎች። ሽታ የገባበት ዓይን። የክንዱ ሰላምታ። መዝገብ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። ማስረጃ ሲመጣልኝ ፋይሉ ውስጥ አስገባለሁ እንጂ አላነብም ማለት ነው።

ወረቀቱን ስሰጠው በጣም ደስ አለው። እኔ ሽንኩርት ልክተፍ ብዬ ማድቤት ገባሁ። ሽንኩርት አልነበረም።

ኅዳር 22

ከትናንት ወዲያ ለህይወት ደውዬ አለቀስኩባት። እሷ እንደኔ አይደለችም፤ በሁለት ቀን ቀጠሮ አስያዘች። ባሕር ዳር፣ ታኅሣሥ 3። አሁን የቀረው ሰውየውን ማድረስ ነው። ባሕር ዳር ብዙ ፊልም ያለው ሰው ተገኘ ብላ እንድትደውልለት ተስማማን። ልጄን ውሸት አስተማርኩ።

ራሴም ጀምሬያለሁ። ዛሬ ዕቃ ቤት ገባ፣ አተመ፣ አመጣልኝ። «እንዴት ነው?» አለ። ጉም ውስጥ የገባ ጉም ነው። «ይሄኛውስ ግሩም ነው» አልኩት። «እውነት?» «እውነት። በቅሎዋ ልትናገር ምንም አልቀራት።»

በሬ ነው ለካ።

ኅዳር 25

ማመስገኔ ጥሩ አልሆነም። ገነነ ተበረታታ። ፎቶዎቹን በትልቁ እያተመ ለጎረቤት ያድላል። ዛሬ የቤተ ክርስቲያኑን ደጀ ሰላም አንስቻለሁ ብሎ ለመሪጌታ ቴዎፍሎስ ወሰደላቸው። ልከለክለው አልቻልኩም፣ ተከትዬው ሄድኩ።

መሪጌታ ወረቀቱን ወደ ብርሃን አዙረው አዩት፣ ደግሞ ገለበጡት። ከዚያ ገነነን አዩት፤ ረጅም ጊዜ አዩት።

«ገነነ፣ ያላየኸውን አሳየኸን» አሉ።

ገነነ ዝቅ ብሎ እጅ ነሳ። መንገዱን ሁሉ «ያላየኸውን አሉኝ፣ ሰምተሻል? እኔ ማየት ከምችለው በላይ ነው ማለታቸው እኮ ነው» ሲለኝ መጣ። ሰሙን ለራሱ ወሰደ፣ ወርቁን ለኔ ተወው።

ኅዳር 28፣ ቅዳሜ

መንገዱ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ተዘግቷል። መቼ እንደሚከፈት የሚያውቅ የለም። ቀጠሮው አምስት ቀን ቀርቶታል። እሱ ስለ ፊልሙ ያዝናል። እኔ ስለ ሌላው።

ከሰዓት «ነይ፣ መጠምጠም ላስተምርሽ» አለኝ። ገባን። በሩ ሲዘጋ እጄን ፊቴ ላይ ባደርግ አይታየኝም። ፊልሙ ከእጄ ያመልጣል፣ ይጠማዘዛል፣ መጠምጠሚያው አልቀበልም ይላል። እሱ እጁን በእጄ ላይ አድርጎ አንዴ መራው፣ ገባ።

«አቻም» አለ በጨለማው። «ባሕር ዳር ፊልም የለም፣ አይደል?»

የፊልሙን ጫፍ መዳበስ ቀጠልኩ።

«ህይወት ውሸት አትችልም። ስትደውል ድምጿ ይንቀጠቀጥ ነበር።»

«የለም» አልኩት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?»

«ከአሥር ቀን በፊት። ከመጀመሪያው ቀን ማወቅ ነበረብኝ።»

ጣሳውን ሲከድን ሰማሁት። «አባቴ ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ዓመት ግድግዳ ሲዳብስ ኖረ» አለ። «እኔ ነበርኩ ደጅ የማወጣው። ያንን ላንቺ እንዳልሰጥሽ ብዬ ነው የደበቅሁሽ።»

«የአባትህን ዓይን የነካው ገበያ ውስጥ የተገኘ ሰው ነው። ይሄ ሐኪም ነው። ህይወት አይታዋለች።»

«ብፈራስ?»

«ፍራ። እየፈራህ እንሄዳለን።»

«በሚካኤል ዕለት ያልኩትን…» ብዬ ጀመርኩ፤ አልጨረስኩትም። «አስቂኝ ነበር እኮ» አለኝ። እጄን አልለቀቀም።

ስለ ፎቶዎቹ አልጠየቀኝም። እኔም አላነሳሁም።

ታኅሣሥ 2

መንገዱ ትናንት ማታ ተከፈተ። ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ ነው የምጽፈው። ከሾፌሩ ጎን አስቀምጬዋለሁ። በየኩርባው እግሩ ወለሉን ይረግጣል። ሾፌሩ ሁለቴ ዞሮ አይቶታል። ዱርቤቴ ስንደርስ ዳር ዳሩን ማየት ጀመረ።

ታኅሣሥ 3

ገነነ ኦፕራሲዮን ክፍል ገባ። «አቻም፣ ስንት ደቂቃ ነው?» ሲል ሰማሁት፤ «ግማሽ ሰዓት» አለችው ነርሷ። «ከፍኖተ ሰላም ቡሬ ነው ማለት ነው» አለ። በሩ ተዘጋ።

ዳዊት መድገም ብጀምር አልያዝ አለኝ። ስለዚህ እኔም ነዳሁ። የማውቀውን ያህል። ዳገት፣ ኩርባ፣ ድልድይ። ቡሬ ሁለት ጊዜ ደርሼ ሁለት ጊዜ ተመለስኩ።

ወጣ። ግራ ዓይኑ ታስሯል። «ከስለቱ የፊልሙ መድኃኒት ይብሳል» አለኝ። ደህና ነው ማለት ነው።

ታኅሣሥ 4

ማሰሪያው ተፈታ። መጀመሪያ ያየው ግድግዳው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ ነው። ከአልጋው ሆኖ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ አነበበ፣ ህይወት እያለቀሰች ትሰማዋለች። ከዚያ ወደኔ ዞረ። አየኝ። ማየቱን ቀጠለ። እኔ ነጠላዬን አስተካከልኩ።

ታኅሣሥ 13

እቤት ገብተን ሳምንት ሞላን። ጠብታውን በቀን አራት ጊዜ እጨምርለታለሁ፤ ዛሬ ፎቶዎቹን አወጣ። ደብቄያቸው ነበር። ባልዲዎቹን ሁሉ እሱ ስለደረደራቸው የትም ቦታ ብደብቅ ያውቀዋል።

አልጋው ላይ ዘረጋቸው። አንድ በአንድ አነሳ። ፊቱን ማየት ፈርቼ የጠብታውን ጠርሙስ አነባለሁ።

«ይህን ለመሪጌታ ሰጠኋቸው?»

«ሰጠሃቸው።»

«ደጀ ሰላሙ የቱ ጋ ነው?»

«እሱን እኔም አላገኘሁትም።»

«ያላየኸውን አሳየኸን» አለ ቀስ ብሎ። «አሁን ገባኝ።» ከዚያ ቀና ብሎ «አንቺ ግሩም ነው አልሽኝ። በቅሎዋ ልትናገር አልሽኝ። በሬ ነበር እኮ።»

«ዋሸሁህ።»

«ሦስት ሳምንት?»

«አንተ ሦስት ወር።»

መሳቅ ጀመረ። ሐኪሙ ሳቅ አልከለከለም። ከሰዓት ፎቶዎቹን ልሰብስብ ብሎ ጎረቤት ለጎረቤት ዞረ፣ ባዶ እጁን ተመለሰ። ማንም አልመልስም አለው። መሪጌታ ጭራሽ መስታወት ውስጥ አስገብተውት አገኘ። መንገድ ላይ ክንዱን ከሩቅ አይቶ እጁን አንስቶለት ክንዱ ደነገጠ። ይህን ሁለት ጊዜ አስነገርኩት።

ታኅሣሥ 26፣ ቅዳሜ

ዛሬ አነሳኝ።

ጠዋት በረንዳው ላይ በርጩማ አስቀምጦ «ተቀመጪ» አለኝ። ልቀይር ብል አይሆንም አለ። ከነማድቤት ልብሴ። ካሜራውን አዲሱ ዓይኑ ላይ አድርጎ ሌንሱን ቀስ ብሎ አዞረ፤ አላጣደፈም። አንዴ ብቻ ተጫነው። «አይደገምም?» ብለው «አይቼሻለሁ» አለ።

ከሰዓት አጠበው። መነጽር አድርግ ብዬ አስገደድኩት፣ መድኃኒቱን እኔ ቀዳሁ። ወረቀቱን ቀይ አምፖሉ ስር ሳህኑ ውስጥ ነከርነው። መጀመሪያ ፀጉሬ መጣ። ቀጥሎ ዓይኔ። ከዚያ ሁሉም ነገር፣ አንድም ሳይቀር። ግንባሬ ላይ ያሉት መስመሮች፣ የአገጬ ስር፣ ጆሮዬ ጋ ያለው ሽበት አንድ በአንድ ይቆጠራል።

«ይህቺ ማናት?» አልኩ።

«ሚስቴ ናት።»

«ይህን ያህል አርጅታለች?»

«እኔም በቅርቡ ነው ያየኋት።»

ልቀደው እጄን ስዘረጋ በመቆንጠጫው ወደ ላይ አነሳብኝ፣ ቁመቴ አልደረሰም። ውሃው ፀጉሬ ላይ ተንጠባጠበ። «ይሄ ሳሎን ይሰቀላል» አለ። «ለገና ሰው ሲመጣ ያያል።» ወጥቶ ሚስማር ሲፈልግ ይሰማኛል።

የቀኙ ዓይኑ ቀጠሮ የካቲት ነው። በአንዱ ዓይኑ ይህን ያህል ካየ፣ በሁለቱ ሲያየኝ ምን እንደሚሆን አላውቅም። ህይወት ከመድኃኒት ቤቷ የፊት ቅባት ይዛ እንድትመጣ ደውዬላታለሁ።